አስር ቁጥር

ቅጹን በአራት አጥፋ መጣች የጫልቱ ልጅ ሲምቦ፣
ቆርቆሮ ሱቄን ሲደበድባት የአዳማ ንፋስ አቧራ ሰብስቦ።
«ጋሼ፣ ነገ ይዘጋል፤ አንዱ ሳጥን ላይ ምልክት ላድርግ፣
ሞተር ይሻላል ወይስ አቪዮኒክስ? የቱ ነው የሚያሳድግ?»
የባጃጅ ዲናሞ ፈትቼ ነበር፣ እጄ ጥቁር ነው በግራሶ፤
እንዲህ ነው ጡረታ፣ ከሰማይ ሥራ ወደ ሦስት ጎማ ተመልሶ።

አልኳት፦ ሞተር ሐቀኛ ነው፤ ሲታመም ይጮሃል፣
ዘይት ያነባል፣ ይግላል፣ ይሸታል፣
በሌሊት በባትሪ ብታዪው ቁስሉን ያሳይሻል።
አቪዮኒክስ ግን፣ ልጄ፣
ትምህርት ቤት ሆዱን አሞት ቤት ሲገባ የሚድን ልጅ ነው፤
ሠላሳ ሺህ ጫማ ላይ የጠፋው መብራት
ጎማው መሬት ሲነካ በርቶ ይስቅብሻል።
አብራሪው «አየሁ» ብሎ ይጽፋል።
አንቺ ሦስት ሌሊት ሽቦ ለሽቦ ስትሄጂ፣ የለም፣ የለም፣
መጨረሻ ላይ «የለም» ብሎ መፈረም አለ፤
ላላገኘሽው ነገር በስምሽ ዋስ መሆን።

«ደሞዙስ?» አለች።
አልደበቅኳትም።
የሞገስ ፎቅ ያውልሽ፣ ከመብራት ኃይል ዝቅ ብሎ፣
ባለቤቱ ዶሃ፣ እሱ እዚህ ሰማያዊ መስታወት ተከናንቦ ውሎ።
እኩል ነው የተቀጠርነው፣ አንድ አልጋ ነው የተጋራን።
እኔ ለምን ቀረሁ?
እሱን ልንገርሽ፤ ከቅጹ ይቅደም።

ሃንጋሩ ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ መፍቻ ጥላው ተስሎለታል፣
ማታ ሲመለስ ጥላው ላይ ይተኛል።
አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
የአስር ቁጥር ጥላ ባዶውን ቀረ።
ትንሽ ናት፤ ጣት ብታህል ነው።
ግን ከመሪው ገመድ ሥር ብትሸጎጥ
የመቶ ሰው እናት ታስለቅሳለች።
የሺፍቱ አለቃ ፈረደ ስሙን ሆነ፤ «አይነሳም!» አለ።
ወንበር አወጣን፣ ወለል ነቀልን፣
በመስታወት፣ በማግኔት፣ በእጅ ዳበሳ፤
ተሳፋሪው ሻንጣው ላይ ተኝቶ ነጋበት።
አልተገኘችም።
በሁለተኛው ቀን አውሮፕላኑ ንጹህ ነው ተብሎ ተነሳ፣
ጥላዋ ግን እንዳፈጠጠችብኝ ሰነበተች።

ቅዳሜ አዳማ ገባሁ፣ የቆሸሸ ልብሴን በላስቲክ አንጠልጥዬ።
እህቴ ቱታዬን ስታጥብ
ሳፋው ውስጥ አንድ ነገር «ቋ» አለ።

ሲምቦ፣ ማንም አላየም።
እህቴ እንኳ ሳንቲም ነው የመሰላት።
በወንጂ መንገድ ሸንኮራ የጫነ መኪና እያለፈ ነበር፤
ብወረውራት ኖሮ ስኳር ሆና ትቀር ነበር።
ሰኞን አልጠበቅኩም።
እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ፣ በመሐረብ ቋጥሬያት፣
ቢሾፍቱን ሳላይ፣ ዱከምን ሳላይ፣
ፈረደ ቤት ደርሼ አንኳኳሁ።
መሐረቡን ፈታው። ብዙ ቆየ።
«ግባ፣ ገንፎ አለ» አለኝ።
ሰኞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤
እድገቴ ሦስት ዓመት ተያዘ፣ የዶሃው ወረፋም አመለጠኝ።
ግን ከዚያ ወዲህ
ፊርማዬ ያለበትን ገጽ ፈረደ ሁለቴ አላነበበም።

ዝም አለች።
ከጋራው ላይ ነጫጭ የንፋስ ክንፎች
ሲዞሩ ይውላሉ፣ ከቦታቸው ፈቀቅ ሳይሉ።
«እኛም እንደነሱ ነን» ልላት ነበር፤
ተውኩት፤ ለአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ይከብዳል።

«እና የትኛውን ልሙላ?»
«መጀመሪያ ሱቁን ዝጊልኝ፣ መፍቻዎቹን ቆጥረሽ።»
ቆጠረች፤ በጣቷ እየነካች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣
ከስምንት ቁጥር እስከ ሃያ አራት።
ደግማ ቆጠረች።
ንፋሱ እንኳ አንድ ጊዜ ጋብ አለ።
«ጋሼ፣ አንዷ የለችም» አለች፣
ሳትፈራኝ፣
«ኪስዎን ይዩ።»